ካስልቤይ

ካስልቤይ (በስኮትላንድ ጌይሊክ፦ ባግ አ ኻሽቸል) ከስኮትላንድ ምዕራባዊ ጠረፍ ማዶ ካሉት የውጪ ሄብሪዲስ ደሴቶች በአንዷ፣ በባራ ደሴት ደቡባዊ ዳርቻ የምትገኝ የወደብ መንደር ናት። የባራ ዋና መንደር ስትሆን የደሴቲቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል፣ ወደ ዋናው ምድር የሚሄደው ፌሪ የሚነሣበት ወደብም የሚገኙት በዚህች ነው። መንደሯ ያደገችው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሄሪንግ ዓሣ ንግድ ምክንያት ነው።

ካስልቤይ የስኮትላንድ ጌይሊክ እስከ ዛሬ የጎረቤትና የገበያ ቋንቋ ሆኖ ከቆየባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዷ ናት። ቋንቋው የሚኖረው ተናጋሪዎቹ በደሴቲቱ ላይ መኖር ከቻሉ ብቻ ስለሆነ፣ ስለ መሬት፣ ስለ ሥራና ስለ ፌሪ የሚነሡ ጥያቄዎች እዚህ ከቋንቋ ጥያቄ ጋር ተያይዘው ይታያሉ።

በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) ናቸው።

ባጭሩ
- አገር፦ ስኮትላንድ፣ ዩናይትድ ኪንግደም
- ደሴት፦ ባራ (የውጪ ሄብሪዲስ)
- የባራ ሕዝብ ብዛት፦ 1,174 (የ2011 ቆጠራ)
- ቋንቋዎች፦ ስኮትላንድ ጌይሊክ፣ እንግሊዝኛ
- ዋና ሃይማኖት፦ የሮማ ካቶሊክ ክርስትና
- የፌሪ መስመር፦ ካስልቤይ – ኦባን

ስም

የጌይሊኩም ሆነ የእንግሊዝኛው ስም ትርጉሙ «የግንቡ ባሕረ ሰላጤ» ማለት ነው። ግንብ የተባለው በባሕረ ሰላጤው መካከል በአንዲት ትንሽ ዐለታማ ደሴት ላይ የቆመው የኪሲሙል ግንብ ነው። የቋንቋውን ስም ራሳቸው ተናጋሪዎቹ «ጋሊክ» ብለው ይጠሩታል። ቋንቋው ከአየርላንድ ጌይሊክ (አይሪሽ) ጋር የቅርብ ዝምድና ሲኖረው ሁለቱም ከኬልቲክ ቋንቋዎች ወገን ናቸው። ከእንግሊዝኛ ጋር የሚገናኙት በሩቁ፣ በህንድ-አውሮፓዊ የቋንቋ ቤተሰብ ብቻ ነው።

መልክዓ ምድር

ባራ ወደ 60 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያላት ደሴት ናት። ዙሪያዋን የሚያካልለው መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በብስክሌት በግማሽ ቀን ሊዞር ይችላል። ምሥራቃዊው ወገን ዐለታማና ባሕር እየሰበረ የገባበት ሲሆን ምዕራባዊው ወገን ነጭ አሸዋማ ዳርቻና በበጋ አበባ የሚለብስ የሣር ሜዳ ነው። ይህ የዛጎል ብናኝ በተቀላቀለበት አሸዋ ላይ የሚበቅል ሜዳ በጌይሊክ «ማኸር» ይባላል።

ካስልቤይ የተሠራችው በደሴቲቱ ከፍተኛ ተራራ በሂቫል (383 ሜትር) ግርጌ ነው። ከፊት ለፊቷ ያለችው የቫተርሴይ ደሴት ከማዕበል ስለምትከልላት ባሕረ ሰላጤው ለመርከብ ጥሩ መጠለያ ነው። ዛፍ በደሴቲቱ ላይ ጥቂት ነው፤ ለዚህም ዋና ምክንያቶቹ የማያቋርጠው ነፋስና የበጎች ግጦሽ ናቸው። ሞቃቱ የአትላንቲክ የባሕር ጅረት ስለሚያልፍ በክረምት ከባድ ውርጭ እምብዛም አይታይም፤ ነገር ግን ዐውሎ ነፋስ የተለመደ ነው። መንደሯ ወደ 57 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ አካባቢ ስለምትገኝ በሰኔ ወር ፀሐይ የምትጠልቀው በፈረንጅ ሰዓት ከምሽቱ 10 ሰዓት በኋላ ነው። በታኅሣሥ ግን ብርሃን የሚቆየው ለሰባት ሰዓት ያህል ብቻ ነው።

ታሪክ

ጥንታዊው ዘመን

የባራ ስም «ባር» ወይም «ፊንባር» ከተባለ ቅዱስ ጋር ይያያዛል። በደሴቲቱ ሰሜን ያለው ጥንታዊ የመቃብር ስፍራና ቤተ ክርስቲያን ኪሌ ባራ የሚባለውም በዚሁ ቅዱስ ስም ነው። ከ9ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ቫይኪንጎች በደሴቶቹ ሰፈሩ። በኪሌ ባራ የተገኘውና በኖርስ ፊደል የተቀረጸበት የመቃብር ድንጋይ ዛሬ በኤዲንብራ በስኮትላንድ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል። በ1266 በተፈረመው የፐርዝ ውል የኖርዌይ ንጉሥ ሄብሪዲስን ለስኮትላንድ ንጉሥ ለቀቀ።

የኪሲሙል ግንብና የማክኒል ጎሣ

ባራን ለረጅም ጊዜ የገዙት የማክኒል ጎሣ አለቆች ናቸው። በ1427 የደሴቶች ጌታ የተባለው አለቃ ባራን በርስትነት እንደሰጣቸው በጽሑፍ ተመዝግቧል። መቀመጫቸው የነበረው የኪሲሙል ግንብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን እንደተሠራ አብዛኞቹ አጥኚዎች ይገምታሉ። ግንቡ በባሕር የተከበበ ስለሆነ በጀልባ ካልሆነ አይገባበትም። በውስጡ የጨው አልባ ውኃ ጉድጓድ ስለነበረው ከበባን ለመቋቋም ይመች ነበር።

በአካባቢው አፈ ታሪክ መሠረት አለቃው ራቱን በልቶ ሲጨርስ አንድ አዋጅ ነጋሪ ከግንቡ አናት ላይ ወጥቶ፣ ማክኒል ስለበሉ የቀሩት የዓለም ነገሥታት አሁን መብላት ይችላሉ ብሎ ያውጅ ነበር ይባላል።

ቤተሰቡ ግንቡን ትቶ ወደ ደሴቲቱ ሰሜን ከተዛወረ በኋላ ግንቡ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በእሳት ተጎዳ። ከዚያም ድንጋዩ ለዓሣ ጀልባዎች ማመጣጠኛ ክብደት እንዲሆን እየተነቀለ ተወሰደ። በ1937 አሜሪካዊው አርክቴክት ሮበርት ሊስተር ማክኒል፣ የጎሣው 45ኛ አለቃ፣ ግንቡንና የደሴቲቱን ሰፊ ክፍል ገዛ። የጀመረው እድሳት በ1970 ተጠናቀቀ። በ2000 ልጁ ኢያን ማክኒል ግንቡን ለስኮትላንድ የቅርስ ጥበቃ ተቋም ለ1,000 ዓመት አከራየ። ኪራዩ በዓመት 1 ፓውንድና አንድ ጠርሙስ ዊስኪ ነው።

የመሬት ጥያቄ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የባራ ሕዝብ የመሬቱ ባለቤት አልነበረም። ገበሬው የባለርስቱ ጭሰኛ ሲሆን በትንሽ ማሳ ላይ ድንችና አጃ እያመረተ፣ በባሕር ዳር ደግሞ አረም እየለቀመና እያቃጠለ ይኖር ነበር። የአረሙ አመድ ለመስታወትና ለሳሙና ሥራ ይሸጥ ነበር። የአመዱ ዋጋ ከናፖሊዮን ጦርነቶች ማብቃት በኋላ ሲወድቅ የባለርስቱ ገቢ አብሮ ወደቀ፤ ዕዳ የተጫነው የማክኒል አለቃም በ1838 ርስቱን ለመሸጥ ተገደደ።

ደሴቲቱን የገዛው ጆን ጎርደን የተባለ ባለጸጋ ነበር። በ1846 የድንች በሽታ ረሃብ ካመጣ በኋላ ጎርደን ጭሰኞቹን በማስነሣት መሬቱን ለበግ እርባታ ማዋልን መረጠ። በ1851 ከባራና ከአጎራባች ደሴቶች ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎች በመርከብ ተጭነው ወደ ካናዳ ተላኩ። በስኮትላንድ ታሪክ «ማጽዳት» በሚል ቃል የሚጠራው ይህ የማፈናቀል ዘመን ዛሬም በደሴቲቱ መዝሙሮችና ትረካዎች ይታወሳል። በ1853 ደግሞ ከሊቨርፑል ስደተኞችን ጭና ወደ ካናዳ ትጓዝ የነበረችው «አኒ ጄን» የተባለች መርከብ በቫተርሴይ ዳርቻ ተሰብራ 350 ያህል ሰዎች ሞቱ።

በ1886 የወጣ ሕግ ክሮፍት የሚባለውን አነስተኛ ይዞታ ለሚያርሱ ጭሰኞች ያለ በቂ ምክንያት ከመሬታቸው ያለመነቀል መብት ሰጠ። ሆኖም መሬት ለሌላቸው ቤተሰቦች የሰጠው ነገር አልነበረም። ስለዚህ ከባራና ከሚንጉሌይ የመጡ መሬት አልባ ሰዎች ቫተርሴይ ገብተው ድንች ተከሉ፣ ጎጆም ቀለሱ። በ1908 ከእነዚህ ሰዎች አሥሩ ፍርድ ቤት ቀርበው የሁለት ወር እስራት ተፈረደባቸውና በኤዲንብራ ታሰሩ። ጉዳዩ በመላው ስኮትላንድ ቁጣ ስላስነሣ ጊዜያቸው ሳይሞላ ተፈቱ። በ1909 መንግሥት ቫተርሴይን ከባለርስቷ ገዝቶ በ58 ክሮፍቶች ከፋፈላት። ሚንጉሌይ ደግሞ በ1912 ነዋሪዎቿ ሁሉ ለቀዋት ሰው አልባ ሆነች።

የሄሪንግ ዘመን

ካስልቤይን መንደር ያደረጋት ሄሪንግ የተባለው ዓሣ ነው። ከ1860ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ነጋዴዎች ዓሣ በጨው የሚያጠራቅሙባቸውን ጣቢያዎች በባሕረ ሰላጤው ዳር ዳር ተከሉ። በዓሣው ወቅት በመቶ የሚቆጠሩ ጀልባዎች ወደቡን ይሞሉት ነበር። ዓሣውን የሚሰነጥቁና በበርሜል የሚደረድሩ ሴቶች ከየደሴቱ ለሥራ ይመጡ ነበር። ጣታቸውን ቢላ እንዳይቆርጠውና ጨው እንዳያቆስለው በጨርቅ ጠምጥመው ይሠሩ ነበር። በርሜሎቹ በብዛት ወደ ጀርመንና ወደ ሩሲያ ይላኩ ነበር።

አንደኛው የዓለም ጦርነትና የሩሲያ አብዮት ገበያውን ስለዘጉት ንግዱ አሽቆለቆለ። በ1930ዎቹ የውጭ ትላልቅ መረብ ጎታች መርከቦች የደሴተኛውን ዓሣ እየዘረፉ ነው በሚል ክርክር ተነሣ። በ1933 ደራሲው ኮምፕተን ማክኬንዚና የጌይሊክ አጥኚው ጆን ሎርን ካምቤል «የባሕር ማኅበር» የሚባል የትግል ማኅበር አቋቋሙ።

ሃይማኖት

በ1560 ስኮትላንድ ፕሮቴስታንት በሆነች ጊዜ ለውጡ ባራን እምብዛም አልነካትም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጌይሊክ የሚችሉ አይሪሽ ካህናት እየመጡ ሕዝቡን ስላስተማሩ ደሴቲቱ እስከ ዛሬ በብዛት ካቶሊክ ናት። ይህም በሰሜን ካሉት፣ እሑድን ሥራ ባለመሥራት አጥብቀው ከሚያከብሩት ፕሮቴስታንት ደሴቶች ይለያታል።

ከመንደሯ በላይ ጎልቶ የሚታየው «የባሕር ኮከብ እመቤታችን» ቤተ ክርስቲያን በ1888 ተከፈተ። በሂቫል ተራራ ወገብ ላይ ደግሞ ሕፃኑን የታቀፈች የማርያም ነጭ ሐውልት በ1954 ቆማለች። ዓሣ አጥማጆች ከባሕር ሲመለሱ ሐውልቷን ከሩቅ ያያሉ።

ወደቡና መጓጓዣው

ፌሪ

ከካስልቤይ ወደ ዋናው ምድር ወደብ ወደ ኦባን የሚደረገው የባሕር ጉዞ አምስት ሰዓት ያህል ይወስዳል። አገልግሎቱን የሚሰጠው የመንግሥት ንብረት የሆነው ካልማክ ነው። ከ2016 ጀምሮ በመስመሩ የተመደበችው «አይል ኦቭ ሉዊስ» በ1995 የተሠራች መርከብ ናት። መኪኖች በአንድ በኩል እየነዱ ገብተው በሌላው በኩል ይወጣሉ።

ፌሪው ለጎብኚ መዝናኛ ቢሆንም ለነዋሪው የኑሮ ገመድ ነው። የሱቅ ዕቃ፣ ነዳጅ፣ የሚሸጥ በግና ከብት፣ ወደ ገበያ የሚላክ ሸርጣን ሁሉ በባሕር ነው የሚያልፈው። ዐውሎ ነፋስ ወይም የሞተር ብልሽት ጉዞውን ሲያሰርዝ የሱቅ መደርደሪያ ባዶ ይሆናል፣ የሐኪም ቀጠሮ ያልፋል፣ በሕይወት ያለው የባሕር ምርት ዋጋውን ያጣል። የፌሪዎቹ ማርጀት በ2020ዎቹ በስኮትላንድ ፖለቲካ ከተነሡት ትላልቅ ክርክሮች አንዱ ሆኗል።

በ2008 መንግሥት የፌሪውን ዋጋ በመንገድ ተመሳሳይ ርቀት ለመጓዝ ከሚያስፈልገው ወጪ ጋር የሚያስተካክል የታሪፍ ሥርዓት በውጪ ሄብሪዲስ ሞከረ፤ ኋላም ቋሚ አደረገው። ርካሹ ዋጋ ጎብኚን ጨመረ። ሆኖም በበጋ የመኪና ቦታው ቀድሞ ስለሚያዝ፣ ድንገት ጉዳይ የሚገጥማቸው ደሴተኞች ቦታ የሚያጡበት ጊዜ አለ።

ከፌሪው ሌላ በባራ ሰሜን ምሥራቅ ካለችው አርድቮር ወደ ኤሪስኬይ ደሴት የምትሻገር አነስተኛ ፌሪ ከ2003 ጀምሮ ትሠራለች። ጉዞው 40 ደቂቃ ያህል ነው። ኤሪስኬይ በ2001 ከደቡብ ዩዊስት ጋር በድንጋይ መንገድ ስለተያያዘች፣ የባራ ሰው በዚህ በኩል በየብስ ወደ ሰሜን መጓዝ ይችላል።

የቫተርሴይ መንገድ

ቫተርሴይ ከባራ የምትለየው በጠባብ የባሕር ወሽመጥ ብቻ ቢሆንም ድልድይ ስላልነበራት ሰዎቿ በጀልባ፣ ከብቶቿ ደግሞ በዋና ነበር የሚሻገሩት። በ1986 በርኒ የተባለ ኮርማ ሲዋኝ ሰጠመ። ወሬው በጋዜጦች ስለተሰራጨ ነዋሪዎቹ ለዓመታት ሲጠይቁት የነበረው መንገድ ትኩረት አገኘ። ባሕሩን በድንጋይ ደልድሎ የተሠራው 250 ሜትር ያህል መንገድ በ1991 ተከፈተ።

የአሸዋው አውሮፕላን ማረፊያ

የባራ አውሮፕላን ማረፊያ የሚገኘው ከካስልቤይ በስተሰሜን፣ ትራይ ቮር በተባለ ሰፊ የባሕር ዳርቻ ላይ ነው። ከግላስጎው የሚመጡት ትናንሽ አውሮፕላኖች የሚያርፉት ባሕሩ ሸሽቶ በገለጠው አሸዋ ላይ ነው። ባሕሩ በየቀኑ ሞልቶ ማኮብኮቢያውን ስለሚሸፍነው የበረራው ሰዓት በባሕሩ መሙላትና መጉደል ይወሰናል። መደበኛ በረራ የተጀመረው በ1936 ነው። በደሴቲቱ ሆስፒታል ሊታከሙ የማይችሉ ሕመምተኞችም በአየር አምቡላንስ ይወሰዳሉ።

ቋንቋ

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በስኮትላንድ ከ200 ሺህ በላይ ሰዎች ጌይሊክ ይናገሩ ነበር። በ1872 የወጣው የትምህርት ሕግ ሁሉም ልጅ ትምህርት ቤት እንዲገባ ሲያዝ ስለ ጌይሊክ ምንም አላለም። በዚህም የተነሣ ቤታቸው አንድም የእንግሊዝኛ ቃል ያልሰሙ ልጆች በእንግሊዝኛ ብቻ ተማሩ። ጌይሊክ የድህነት፣ እንግሊዝኛ የሥራ ቋንቋ ነው የሚል ስሜት ከዚያ ወዲህ ሥር ሰደደ።

ዛሬ ሁኔታው ተቃራኒ የሚመስሉ ሁለት ገጽታዎች አሉት። በመላ አገሪቱ የተናጋሪው ቁጥር በ2011 ከነበረው 57 ሺህ ገደማ በ2022 ወደ 70 ሺህ አድጓል። ጭማሪው በብዛት የመጣው በከተሞች በትምህርት ቤት ከተማሩት ነው። ከ2019 ጀምሮ ዱኦሊንጎ በተባለው የስልክ መተግበሪያ ላይ ጌይሊክ በመጨመሩም በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ጀማሪ ተማሪዎች ተገኝተዋል። በውጪ ሄብሪዲስ ግን የተናጋሪው ድርሻ በ2011 ከነበረው 52 በመቶ በ2022 ወደ 45 በመቶ ወርዷል፤ ከግማሽ በታች ሲሆን ይህ የመጀመሪያው ነው።

በ2020 የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት፣ አካሄዱ ካልተለወጠ ጌይሊክ በደሴቶቹ የማኅበረሰብ ቋንቋ መሆኑ በአሥር ዓመት ውስጥ ሊያበቃ እንደሚችል አስጠነቀቀ። ልዩነቱ ቋንቋን በመማርና በቋንቋ በመኖር መካከል ነው። ግላስጎው የሚኖር ተማሪ ቋንቋውን አቀላጥፎ ሊናገር ይችላል፤ ነገር ግን በጌይሊክ ዳቦ የሚገዛበት፣ ከጎረቤት የሚጣላበትና የሚታረቅበት መንደር የለውም። በባራ ደግሞ ወጣቱ ለትምህርትና ለሥራ በፌሪ ሲሄድ፣ የቤት ዋጋም በበዓል ቤት ፈላጊዎች ሲወደድ፣ መንደሩ ቀርቶ ተናጋሪው ይቀንሳል።

ቋንቋውን ለመደገፍ የተወሰዱት ዋና ዋና እርምጃዎች የሚከተሉት ናቸው፦
- በ2005 የስኮትላንድ ፓርላማ የጌይሊክ ቋንቋ ሕግ አወጣ።
- በ2008 በጌይሊክ የሚሰራጨው ቢቢሲ አልባ የቴሌቪዥን ጣቢያ ተከፈተ።
- በ2020 የደሴቶቹ ምክር ቤት፣ ወላጅ ሌላ ካልመረጠ በቀር፣ አዲስ ገቢ ተማሪዎች ትምህርታቸውን በጌይሊክ እንዲጀምሩ ወሰነ።
- በ2025 የወጣው የስኮትላንድ ቋንቋዎች ሕግ ጌይሊክን በስኮትላንድ ኦፊሴላዊ ቋንቋ አደረገ።

ባህል

በካስልቤይ አካባቢ የተወለደችው ፍሎራ ማክኒል (1928–2015) ከእናቷና ከዘመዶቿ በቃል የወረሰቻቸውን በርካታ የጌይሊክ መዝሙሮች ለዓለም አስተዋውቃለች። በ1951 በኤዲንብራ በተዘጋጀ ታዋቂ የሕዝብ ሙዚቃ ምሽት ላይ ስትዘፍን አሜሪካዊው የሙዚቃ ሰብሳቢ አለን ሎማክስ ድምፅዋን ቀርጿል። የካስልቤይ አስተማሪ የነበረችው አኒ ጆንስተንና ወንድሟ ካለም ጆንስተንም ለሰብሳቢዎች ብዙ መዝሙርና ተረት ሰጥተዋል። ካለም በ1972 በኮምፕተን ማክኬንዚ የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ በዝናብ ውስጥ ባግፓይፕ፣ ማለትም በአቁማዳ አየር የሚነፋ ዋሽንት፣ ከተጫወተ በኋላ ወድቆ በዚያው አረፈ።

ጆን ሎርን ካምቤል በ1930ዎቹ በባራ ሲኖር ዘፈኖችንና ትረካዎችን በመቅረጫ መሣሪያ መዝግቧል። የእርሱና የሌሎች ስብስቦች ዲጂታል ተደርገው ከ2010 ጀምሮ «ቶባር አን ዱዋልኻሽ» በተባለ የኢንተርኔት ማኅደር በነፃ ይደመጣሉ።

በ1981 በባራ ልጆች በጌይሊክ ሙዚቃ፣ ዘፈንና ጭፈራ የሚማሩበት «ፌሽ» የተባለ ዓመታዊ ፌስቲቫል ተጀመረ። ሐሳቡ ወደ ሌሎች ደሴቶችና ከተሞች ተዛምቶ ዛሬ በስኮትላንድ በርካታ ፌሾች ይካሄዳሉ።

ባራን በዓለም ያስተዋወቃት ግን «ዊስኪ ጋሎር» የተባለው ፊልም ነው። በየካቲት 1941 «ፖሊቲሺያን» የተባለች የጭነት መርከብ 264 ሺህ ያህል ጠርሙስ ዊስኪ ይዛ በኤሪስኬይ አጠገብ ዐለት ላይ ወጣች። በጦርነቱ ምክንያት መጠጥ ያጡት ደሴተኞች በሌሊት በጀልባ እየሄዱ ጠርሙሶቹን አወጡ፣ ከቀረጥ ሰብሳቢዎችም ደበቁ፤ ከተያዙት አንዳንዶቹ ታሰሩ። ማክኬንዚ በ1947 ታሪኩን ልብ ወለድ አደረገው። በአሌክሳንደር ማኬንድሪክ የተመራው ፊልም በ1948 በባራ ተቀርጾ በ1949 ለእይታ በቃ።

ኢኮኖሚ

የካስልቤይ ሰዎች እንደ ሌሎቹ የሄብሪዲስ ደሴተኞች በአብዛኛው ከአንድ በላይ ሥራ አላቸው። አንድ ሰው በግ እያረባ ዓሣ ሊያጠምድ፣ በበጋ ደግሞ እንግዳ ሊያሳድር ይችላል። ዋናዎቹ የባሕር ምርቶች ሸርጣን፣ ሎብስተርና ትልልቅ ሽሪምፕ ናቸው፤ ብዙው ወደ ደቡብ አውሮፓ ገበያ ይላካል። በ2023 የስኮትላንድ መንግሥት ዓሣ ማጥመድ ፈጽሞ የሚከለከልባቸው የባሕር ክልሎችን ለማቋቋም ያቀረበው ዕቅድ ከደሴቶቹ ዓሣ አጥማጆች ጠንካራ ተቃውሞ ገጥሞት ተሰርዟል።

ቱሪዝም እያደገ ነው። ከቫተርሴይ ተነሥቶ አሥር ደሴቶችን የሚያቋርጠው «ሄብሪዲያን ዌይ» የተባለው የብስክሌትና የእግር ጉዞ መስመር ብዙ ተጓዦችን በፌሪ ወደ ካስልቤይ ያመጣል። በመንደሯ ያለው የቅርስ ማዕከል የደሴቲቱን ፎቶግራፎች፣ የትውልድ ሐረግ መዛግብትና የዓሣ ንግዱን ታሪክ ያሳያል። የተፈናቀሉት ባራዎች ዘሮች ከካናዳ፣ በተለይም ጌይሊክ እስከ ዛሬ ከሚነገርባት ከኬፕ ብሬተን፣ የአያቶቻቸውን መንደር ፍለጋ ይመጣሉ።